የጀርመን ሰርጓጆችን ያስበላቸው የራሳቸው መሣሪያ ነው?

አንድ የፎረም ክር፣ ማለት አንድ ፖስትና ሥሩ የተደረደሩ መልሶቹን፣ ላስነብባችሁ። የመክፈቻው ፖስት አጭር ነው፤ ግን ልበ ሙሉ። ጸሐፊው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ሜቶክስ የሚባል የራዳር አነፍናፊ እንደነበራቸው ያነሳል። የእንግሊዝ አውሮፕላን ራዳሩን ከፍቶ ሲመጣ ከሩቅ ይሰሙታል፤ ወዲያው ውኃ ውስጥ ይገባሉ። እንግሊዞች ግን ነቁ ይላል። ሜቶክስ ራሱ ሞገድ ስለሚያፈስ እሱኑ ተከትለው እየመጡ ፈጇቸው፤ በ1943 ሰርጓጆቹ ያለቁት በዚህ ነው። የሚቃወም ካለ ማስረጃ ያምጣ ብሎ ይዘጋል። ፎረም ላይ እንዲህ ብሎ የጻፈ ሰው ምን እንደሚጠብቀው የታወቀ ነው። (ክሩም እኔም የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

መልስ 1 ሙግት አልነበረም። አንዲት እህት ከሁሉ በፊት መሠረቱ እንዲብራራላት በትሕትና ጠየቀች። አውሮፕላኑ ራዳር ይዞ እየፈለገ፣ ተፈላጊው እንዴት ቀድሞ ሊያውቅ ይችላል? ጥሩ ጥያቄ ነው። እሷ ባትጠይቅ ኖሮ ግማሹ አንባቢ ሳይገባው ሲከራከር ይውል ነበር።

መልስ 2 የሰጠው መሐንዲስ ነኝ የሚል ሰው ነው፤ አጻጻፉም ይመስላል። የራዳር ሞገድ ሄዶ፣ መርከቡን መትቶ፣ መመለስ አለበት። የሚያዳምጠው ሰው ግን ሞገዱን የሚያገኘው ገና በመሄድ ላይ ሳለ ነው። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር አድማጩ ጋ የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ወደ ራዳሩ የሚመለሰው ግን ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ። በጨለማ ባትሪ ያበራ ሰው እሱ ከሚያየው ርቀት በላይ ራሱ ይታያል ብሎ ደመደመ። መልስ 3 ጉዳዩ ያን ያህል ቀላል አይደለም ባይ ነው። ሰርጓጅ አንቴናዋ የባሕሩን ወለል ሊነካ ምንም አይቀረውም፤ የምድር ክብነት ይጋርዳታል። መልስ 2 ተናዶ ሳይሆን አስልቶ መጣ። የአውሮፕላኑን ከፍታ በሜትር ወስደህ ስኩዌር ሩት አውጣ፣ በ4.12 አባዛው፣ ኪሎ ሜትሩን ታገኛለህ። በ500 ሜትር ከፍታ ለሚበር አውሮፕላን 92 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ራዳሩ አንዲት ሰርጓጅን ለይቶ ከሚያይበት ርቀት ጋር ሲነጻጸር ይህ ብዙ ነው። ይህ በቁጥር 4 ተመዝግቧል። 3ም ላይክ አድርጎ አለፈ።

መልስ 5 ወደ ታሪኩ መለሰን። አነፍናፊው ለምን አስፈለገ የሚለውን ያስረዳል። እስከ 1942 አጋማሽ ሰርጓጆቹ ቀን ቀን ውኃ ውስጥ፣ ማታ ማታ ላይ ወጥተው በናፍጣ ሞተር እየሄዱ ባትሪያቸውን ይሞሉ ነበር። ከፈረንሳይ ወደቦች ወጥተው የቢስኬን ባሕረ ሰላጤ የሚያቋርጡት እንዲያ ነው። የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የ1.5 ሜትር ሞገድ ራዳር ቢኖራቸውም መጨረሻዋ ቅርብ ርቀት ላይ ሲደርሱ ምስሉ ከማዕበሉ ጋር ይቀላቀልባቸዋል። በጨለማ የት ላይ ቦምብ ይጣሉ? መፍትሔው ሊ ላይት የተባለው 22 ሚሊዮን ሻማ የሚያበራ መብራት ነው። ዌሊንግተን አውሮፕላን ላይ ተገጥሞ፣ ራዳሩ ሲታወር መብራቱ ቦግ ይላል። የመጀመሪያዋ ተጠቂ በጁን 1942 የጣሊያኗ ሰርጓጅ ሉዊጂ ቶሬሊ ነበረች። ተጎዳች እንጂ አልሰመጠችም። በወሩ የጀርመኗ ዩ-502 ሰመጠች። ማታ ተገን መሆኑ ያኔ አበቃ።

መልስ 6 ከክሩ ውስጥ ደግሜ ያነበብኩት ነው። የሜቶክስን አንቴና ይገልጻል። የቢስኬ መስቀል ይባል ነበር፤ እውነትም ሽቦ የተወጠረበት የእንጨት መስቀል ነው። ሰርጓጇ ብቅ ስትል አንዱ መርከበኛ መስቀሉን ተሸክሞ በጠባቡ መሰላል ወደ ማማው ይወጣል። ኬብሉ በክፍቱ መግቢያ በኩል ታች ወደ ሬዲዮ ክፍል ይወርዳል። ላይ ያለው ውኃ እየመታው መስቀሉን በእጁ ያዞራል። ታች ያለው ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ቁልፉን እያሽከረከረ ያዳምጣል። ራዳር ካለ ጆሮው ላይ የማያቋርጥ ዜማ የሌለው ድምፅ ይመጣል። ድምፁ እየጎላ ከሄደ መጮህ ነው። ከዚያ መስቀሉ ይነቀላል፣ ኬብሉ ይሰበሰባል፣ ሰው ሁሉ በላይ በላይ እየወደቀ ይገባል፣ ክዳኑ ይዘጋል። ሰርጓጇ ከውኃ በታች ለመግባት ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይበቃታል። ያቺ ግማሽ ደቂቃ ግን ኬብሉ ክዳኑ ላይ ካልተነከሰ ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ምንም አስተያየት አልጨመረም። አያስፈልገውምም።

እስከዚህ ድረስ ጨዋነት ነበር። መልስ 7 በሩን ገንጥሎ ገባ። ስለ እንጨቱ ማውራት ይብቃና የመክፈቻው ፖስት ውሸት መሆኑ ይነገር አለ። ሜቶክስ ሞገድ ያፈስ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ተቀባዩ ውስጥ የራሱን ሞገድ የሚያመነጭ ክፍል አለ፣ ከዚያ ጥቂቱ በአንቴናው ይወጣል። እንግሊዞች ግን እሱን ተከትለው አልመጡም። ወሬው የመነጨው ከአንድ ምርኮኛ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሰው ነው። በ1943 ክረምት ሲመረመር፣ እኛ ራዳራችንን የምንከፍተው አልፎ አልፎ ነው፣ የምንከተለው የእናንተን መሣሪያ ነው ብሎ ነገራቸው። ጀርመኖች አውሮፕላን አስነስተው ሞከሩት፤ እውነትም ሜቶክስ ከአየር ላይ ይሰማል። የጀርመን ባሕር ኃይል አዛዥ ዶኒትስ ኦገስት ላይ መሣሪያው እንዲዘጋ አዘዘ። ያ ምርኮኛ ማንም ይሁን ማን፣ በአንድ ምላሱ የባሕር ኃይሉን ጆሮ ደፈነው።

የክሩ ባለቤት በቁጥር 8 ተመለሰ፤ ፊቱ ጠቁሯል። ጀርመኖቹ ራሳቸው ሞክረው ካረጋገጡ እናንተ ምን ትፈልጋላችሁ ባይ ነው። እውነቱን ለመናገር ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ጀርመኖቹም የተሳሳቱት በዚሁ መንገድ ነው። መልስ 9 ግን በጥሩ ሁኔታ ለየው። ሊሰማ መቻሉና አንድ ሰው እየሰማው መሆኑ ሁለት ነገር ነው። ደግሞስ አውሮፕላኖቹ በምን አገኟቸው ለሚለው መልስ አለ። ሜቶክስ የሚያዳምጠው ከ113 እስከ 500 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ነው። ከ1943 ማርች ጀምሮ ቢስኬ ላይ የሚበሩት አውሮፕላኖች አዲሱን ራዳር ይዘዋል፤ ሞገዱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ 3,000 ሜጋ ኸርዝ ገደማ። ሜቶክስ ያንን ጨርሶ አይሰማም። የአዲሱ ራዳር ልብ ራንዳልና ቡት የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች በ1940 በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ካቪቲ ማግኔትሮን ነው።

መልስ 10 ማግኔትሮን ማለት እቤታችን ማይክሮዌቭ ውስጥ ያለው አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ነው ተባለ። ከ11 እስከ 13 ያሉት እንጀራ ማይክሮዌቭ ውስጥ ሲሞቅ ለምን ይደርቃል የሚል ክርክር ናቸው። እርጥብ ሶፍት ሸፍኑበት የሚል ምክር አለበት። ይሠራል፤ ግን ዶኒትስ አይመለከተውም።

መልስ 14 ወደ ቁም ነገሩ ሲመለስ ነገሩን የበለጠ አስገራሚ አደረገው። ጀርመኖች ስለ ሳንቲ ሜትሩ ሞገድ አያውቁም ነበር እንዳይባል፣ በ1943 ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ሮተርዳም አጠገብ አንድ ስተርሊንግ ቦምብ ጣይ ወድቆላቸዋል። ውስጡ ከተማ ለመደብደብ የሚያገለግል፣ በማግኔትሮን የሚሠራ ራዳር ነበር። ተጎድቷል፤ ግን ባለሙያ ቀጥሎ ሊያነበው ይችላል። የሮተርዳም መሣሪያ ብለው ሰየሙት። ይህንን ሞገድ የሚሰማው ናክሶስ የተባለ አነፍናፊ ግን ሰርጓጆቹ ጋ የደረሰው በዚያው ዓመት መገባደጃ ነው። መሐሉ ላይ ሜይ 1943 አለ። በዚያ ወር ብቻ 41 ሰርጓጅ ጠፋ። ዶኒትስ በ24ኛው ቀን ከሰሜን አትላንቲክ አስወጣቸው።

መልስ 15 በንዴት የተጻፈ ነው። እጃቸው ላይ ወድቆላቸው ዘጠኝ ወር ምን ሲያደርጉ ነበር ይላል። ቂሎች ናቸው ብሎ ይሳደባል። እኔ እንደሱ አላየውም። የሚገርመኝ ቂልነታቸው ሳይሆን ማዳመጫው ውስጥ ያለው ዝምታ ነው። ሬዲዮ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ማዳመጫው ዝም ካለ አውሮፕላን የለም ብሎ ነው የሚያስበው። አውሮፕላኑ እላያቸው ላይ ሲደርስ ደግሞ የሚመጣለት ጥርጣሬ፣ ራዳር ሳይሆን ሌላ ነገር እየተከተለን ነው የሚል ነው። ምርኮኛው ያንን ውሸት ባይነግራቸው ራሳቸው ይፈጥሩት ነበር። አነፍናፊ ከሌለህ ቢያንስ ትፈራለህ። የማይሰማ አነፍናፊ ሲኖርህ ግን ተኝተህ ትገደላለህ።

መልስ 16 ራዳር ራዳር የምትሉ ሁሉ ጉዳዩን ስታችኋል ብሎ ተነሳ። ሰርጓጆቹ የተበሉት ወሬኛ ስለነበሩ ነው። በየቀኑ ወደ ማዘዣ ጣቢያቸው መልእክት ይልካሉ። አጃቢ መርከቦቹ ሃፍ ዳፍ የሚሉት የአጭር ሞገድ አቅጣጫ ጠቋሚ አላቸው፤ ሰርጓጇ አፏን በከፈተች ቁጥር የት እንዳለች ይነግራል። ከዚያም በላይ ኤኒግማ በተባለ መሣሪያ የሚጽፉት ምስጢራዊ ኮዳቸው ብሌችሊ ፓርክ በተባለው የእንግሊዝ ኮድ ፈቺዎች ማዕከል ውስጥ ይነበብ ነበር። በ1942 አብዛኛው ወር የሰርጓጆቹ ኮድ አልተፈታም፤ ከዲሴምበር ጀምሮ ግን ተመልሶ ተከፈተ። መልስ 17 ይህንን ሳይክድ ወሰን አበጀለት። ኮድ መፍታት ሰርጓጇ በየትኛው አካባቢ እንዳለች ይነግርሃል። የመጨረሻዋን ጥቂት ኪሎ ሜትር፣ በጨለማ፣ በጭጋግ የሚያደርስህ ራዳር ነው። 16 በዚህ አልረካም። እስከ ክሩ መጨረሻ ድረስ በየሦስት መልሱ እየገባ ኤኒግማ ይላል። ሰዉ መልስ መስጠቱን ትቶታል።

መልስ 18 ላይ የክሩ ሙድ ተቀየረ። የጻፉት በቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ምፅዋ ያገለገሉ አባት ናቸው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የሚጠራቸው፤ ያው 15 እንኳ። ራዳር መክፈት ራስን ማጋለጥ እንደሆነ በሥልጠና ይማሩ እንደነበር አስታወሱ። መዝጋትም ዋጋ አለው ብለው ሻርንሆርስትን ጠቀሱ። ይቺ የጀርመን ትልቅ የጦር መርከብ በ1943 የገና ማግስት ከኖርዌይ በስተሰሜን ወደ ሶቪየት የሚሄዱ መርከቦችን ፍለጋ ወጣች። ጠዋት ላይ ኖርፎክ ከተባለችው የእንግሊዝ መርከብ የተተኮሰ ጥይት የፊቱን ራዳሯን አፈረሰው። የቀረውንም፣ ሞገዱ ይጠቁምብናል ብለው አያበሩትም። የእንግሊዟ ዱክ ኦፍ ዮርክ ግን ከቀኑ 10 ሰዓት ከ17 ላይ በ42 ኪሎ ሜትር ርቀት በራዳር አገኘቻት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዝም ብላ ቀረበቻት። ቤልፋስት የተባለችው መርከብ ሰማዩን በብርሃን ጥይት ስታበራው የሻርንሆርስት መድፎች አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ እንደተነጣጠሩ ነበሩ። እንዳልሰማች ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም ይላሉ ጋሼ። 1,968 ሰው ተሳፍሮ ነበር። የተረፈው 36።

በቁጥር 19 ለንደን የምትኖር አንባቢ ቤልፋስት ዛሬ ቴምዝ ወንዝ ላይ ቆማ የሚጎበኟት ሙዚየም መሆኗን ነገረችን። ልጆቿን ይዛ ሄዳለች። ልጆቹ የወደዱት ወጥ ቤቱን ነው። 20 ደግሞ ጋሼ ምፅዋን ካነሱ አይቀር ብሎ አንድ ነገር ጨመረ። ፎርሚደብል የተባለችው የእንግሊዝ አውሮፕላን ጫኝ መርከብ በ1941 ፌብሩዋሪ የሱዌዝ ቦይ በፈንጂ ተዘግቶባት ቀይ ባሕር ላይ ስትጠብቅ ምፅዋን ደብድባለች። በወሩ ሜዲትራኒያን ገብታ ከግሪክ በስተደቡብ ማታፓን ላይ ተዋጋች። አውሮፕላኖቿ የጣሊያኗን የጦር መርከብ ፖላን መትተው ባሕር ላይ አቆሟት። ጣሊያኖች እሷን ለመርዳት ዛራንና ፊዩሜን በጨለማ ላኩ። የእንግሊዟ ቫሊያንት ፖላን በራዳር አገኘቻት፤ ትልልቆቹ መርከቦች ተጠጉ። ጣሊያኖቹ ራዳርም አነፍናፊም የላቸውም። የተተኮሰባቸው ከአራት ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ነው፤ ለእንዲህ ያለ መድፍ ይህ አፍንጫ ሥር ነው። ሦስቱም ከባድ መርከቦች በአንድ ሌሊት ጠፉ። ጋሼ በ21 አመስግነው፣ ኢግል ከተባለችው ሌላ የእንግሊዝ አውሮፕላን ጫኝ ፖርት ሱዳን የወረዱት አውሮፕላኖች በዚያው ኤፕሪል ከምፅዋ የወጡ የጣሊያን አጥፊ መርከቦችን ማስመጣቸው እንዳይረሳ አሳሰቡ።

መልስ 22 ከአሜሪካ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር። ይቅርታ ጠይቆ ገባ፤ ጦርነቱ አያገባኝም ግን አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል ይላል። ቨርጂኒያ ውስጥ የፖሊስ ራዳር የሚያነፈንፍ መሣሪያ መኪና ላይ ማድረግ ክልክል ነው። ዲሲም እንደዚያው። እንደሱ ከ10,000 ፓውንድ በላይ ለሆነ የንግድ መኪና ደግሞ በአገሪቱ ሁሉ አይፈቀድም። ጓደኛው ግን መሣሪያውን ከዳሽቦርዱ ሥር ደብቆ ሲነዳ ተያዘ። ፍጥነቱ ልክ ነበር። ፖሊሱ ሳያየው እንዴት አወቀ? 23 ከርዕስ ወጣህ ብሎ አመናጨቀው፤ ስለ መንጃ ፈቃድ የሚወራበት ሌላ ቦታ አለ አለው። 24 ሹፌሩን ሲያባርሩት ዝም አልልም ብላ ተቆጣች። እንጀራ ማሞቅ ሲወራ የት ነበርክ ስትል 23ን ጠየቀችው። እኔም እሷን ደግፌያለሁ።

ምክንያቱም 25 ላይ መሐንዲሱ ተመልሶ መጣና ሹፌሩ ከርዕሱ ያልወጣው ብቸኛው ሰው ነው አለ። የጓደኛው መሣሪያ ውስጥም ልክ እንደ ሜቶክስ የራሱን ሞገድ የሚያመነጭ ክፍል አለ። ከዚያ የሚያፈተልከውን የሚያነፈንፍ መሣሪያ ፖሊስ አለው። የመክፈቻው ፖስት የተናገረው ነገር በፊዚክስ ትክክል ነው። አውራ ጎዳና ላይ በየቀኑ ይሠራበታል። ቢስኬ ላይ ግን አልተሠራበትም። ናክሶስ የተሠራው ደግሞ በክሪስታል ስለሆነ ራሱ ሞገድ አያመነጭም፤ የሚያፈስሰውም የለም። ዋጋው ግን ጆሮው መድከሙ ነው። ሜቶክስ ከሩቅ የሚሰማውን ያህል አይሰማም።

መልስ 26 ለኔ የክሩ አንደኛ ነው። የናክሶስ ነገር ከተነሳ ቪክሰንን አትርሱ ይላል። የሰርጓጁ ኦፕሬተር አደጋውን የሚለካው በድምፁ ጉልበት ነው፤ እየጎላ ከሄደ እየመጣ ነው፣ እየሳሳ ከሄደ እየራቀ ነው። እንግሊዞች ይህችን አወቁና የራዳሩን ኃይል አውሮፕላኑ በቀረበ ቁጥር የሚቀንስ ቪክሰን የተባለ ነገር ገጠሙ። ኃይሉ ከርቀቱ ኩብ ጋር በተመጣጠነ መልኩ እንዲወርድ አድርግ ይላል ጸሐፊው። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ሰርጓጇ ጋ የሚደርሰው በግማሽ ይሳሳል፤ ወደ አውሮፕላኑ የሚመለሰው ግን በእጥፍ ይጎላል። የመልስ 2ን ሒሳብ ገልብጦ መሣሪያ አደረገው። ታች ያለው ልጅ፣ አለፈን ብሎ ማዳመጫውን ሲያወልቅ አውሮፕላኑ እየጠራ እየጠራ ያየዋል። 3 እዚህ ላይ ወረቀት አውጥቶ አስልቶ ትክክል ነው ብሏል፤ ሌላ ነገር አልጻፈም።

ከዚያ በኋላ ክሩ ደከመ። 27 ጃፓኖችስ ብሎ ጠየቀ። 28 መለሰለት። የጃፓን መርከቦች ኢ-27 የተባለ አነፍናፊ ነበራቸው፤ የተሠራው ለሜትር ሞገድ ነው። የአሜሪካ ሰርጓጆች መርከብ የሚያድኑበት ኤስጄ ራዳር ደግሞ 10 ሳንቲ ሜትር። ያው የቢስኬ ታሪክ፣ ቦታው ፓስፊክ። አውሮፕላን ለማየት የያዙት ኤስዲ ግን በሜትር ሞገድ ዙሪያውን ስለሚያሰራጭ፣ ጃፓኖች እሱን ተከትለው ይመጡብናል ብለው ጨርሰው ያልከፈቱት አዛዦች ነበሩ። 29 ኤኒግማ አለ። የክሩ ባለቤት በ30 ብቅ ብሎ አሁንም ማስረጃ አላየሁም ሲል ጻፈ፤ 7 በአንድ ቃል መለሰለትና አድሚኑ ቃሉን አጠፋው። 31 ስኖርክል ከመጣ በኋላ ራዳሩ ያቺን ከውኃ የምትወጣ ቱቦ ያያት ነበር ወይ ብሎ ሲጠይቅ አድሚኑ ለዚያ ሌላ ክር ክፈቱ አለ። ተከፍቷል። ጋሼ እዚያ ናቸው።